አደይ፣ ሥዕልና ዐጸድ፦ ለሐዘንተኛ የተዘጋጁ ማረፊያዎች



የክረምቱ ጭጋግ ተገፎ፣ የወንዙ ሙላት ጎድሎ፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚታይበት በዚህ ወቅት ምድር አደይ አበባን ተጎናጽፋለች። ሕፃናት ከመስኩ የለቀሙትን አደይ ይዘው፣ ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው በደመራው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ከተቀበረበት የጉድፍ ክምር ቆፍራ ያስወጣችበት መታሰቢያ በአገራችን ከአበባው ወራት ጋር መገናኘቱ ዓይንንም ልብንም ደስ ያሰኛል። አደይ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈካል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ረግፎ ዘሩ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል። ማንም አይዘራውም፤ ማንም አይኮተኩተውም፤ ጊዜው ሲደርስ ግን የተሰወረው ይገለጣል።

ይሁን እንጂ በዓል ሁሉንም ቤት በደስታ አያገኝም። በዓሉ ከሐዘን ላይ የሚደርስበት ቤት በየመንደራችን አለ። በዚያ ቤት ቄጤማ አይጎዘጎዝም፤ ቡና ቢፈላም ጨዋታ የለም፤ የጎረቤት ልጆች የሆያ ሆዬና የአበባየሆሽ ዜማ ገና ከጆሮ ሳይጠፋ የእናት እንባ ይወርዳል። ለእንዲህ ያለው ቤት የአደይ መፍካት ምን ይነግረዋል? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል፣ በዐጸዷ ውስጥ የቆመው ጽድና ወይራ ለተሰበረ ልብ ምን ይሠሩለታል? ጌጥ ብቻ ናቸውን? ወይስ ከጌጥ የሚበልጥ አገልግሎት አላቸው? በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን ይህንኑ ከአንባብያን ጋር እንመለከታለን። በዚሁ አጋጣሚ እኛ ራሳችን የፈጸምነውን አንድ ስሕተት እንናገራለን፤ ሌላው እንዳይደግመው ይጠቅማልና።

ከገነት እስከ መቃብሩ አትክልት

ቅዱሳት መጻሕፍትን በማስተዋል ለሚመረምር ሰው ውበት በእግዚአብሔር ሥራ ውስጥ ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ገነት ዛፎች ሲናገር አስቀድሞ ለዓይን ደስ የሚያሰኙ መሆናቸውን፣ ከዚያም ለምግብነት መልካም መሆናቸውን ያወሳል። የሰው ልጅ ፍሬውን ከመብላቱ አስቀድሞ በማየት ደስ እንዲሰኝ የተፈቀደለት ፍጡር ነው ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት እንደተጻፈውም ባስልኤል የተባለው የእጅ ጥበብ ባለሙያ ለደብተራ ኦሪት ሥራ ሲመረጥ በወርቁ፣ በብሩና በእንጨቱ ይራቀቅ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞልቶበታል። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ የሚጨነቁትን ሲያጽናና እንዲመለከቱት ያሳያቸው የሜዳውን አበባ ነበር፤ የንጉሥ ሰሎሞንን ልብስ እንኳ ከእርሱ አሳንሶታል።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የዮሐንስ ወንጌል የመጨረሻ ምዕራፎች አቀማመጥ ነው። ጌታችን የተያዘው በአትክልት ስፍራ ነው፤ የተቀበረው በአትክልት ስፍራ ነው፤ ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ በኋላ ለማርያም መግደላዊት የተገለጠላትም በዚያው በአትክልት ስፍራ ነው። እርስዋም በእንባዋ መካከል ሆና አትክልተኛው መስሏት ነበር። እነሆ፣ የዓለም ትልቁ መጽናናት በአትክልት መካከል ቆማ ለምታለቅስ ሴት ተሰጠ። መጀመሪያ የተባለችውም አታልቅሺ ሳይሆን ስለ ልቅሶዋ የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ ቀጥሎም በስሟ ተጠራች። ይህን ነገር አንባብያን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አበባና ስደት በአንድ ሌሊት

ከመስቀል በዓል ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን፣ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስም ለ40 ቀናት ይቆያል። በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን ደግሞ የደብረ ቁስቋም በዓል ነው። በዚህ ወቅት በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ሊቃውንቱ በየአድባራቱ ተሰብስበው በአባ ጽጌ ድንግል የተደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ ሲዘምሩ ያድራሉ። ድርሰቱ እመቤታችንን በአበባ፣ ልጅዋን በፍሬ እየመሰለ የሚያመሰግን ነው። ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጋር፣ በመቋሚያው ስልት የሚቀርበው ይህ ምስጋና ያልሰማውን ሰው እንኳ የሚማርክ ነው።

ታዲያ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ማኅሌት፣ ሰቆቃወ ድንግል ይደርሳል። ይህ ደግሞ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ በግብፅ በረሃ የደረሰባትን ረኃብ፣ ጥማትና እንግልት የሚያስታውስ ልቅሶ ነው። ምድር በአበባ ባጌጠችበት ጊዜ የሚታሰበው ስደት ነው። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲሠሩ አበባውን ለደስተኛ፣ ልቅሶውን ለሐዘንተኛ ብለው አልከፈሉም። ሁለቱን በአንድ ዜማ አጣመሩ እንጂ። በዚህም ውበት ሐዘንን የሚያስረሳ መጋረጃ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ሐዘን ራሱ በክብር የሚቀመጥበት ስፍራ መሆኑን አስተማሩን። ስደተኛዋ እናት የተዘከረችው በአበባ መካከል ነውና፣ ዛሬም ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ልጁን በሞት የተነጠቀ፣ በሰው አገር የሚንከራተት ሁሉ በዚያ ማኅሌት ውስጥ ቦታ አለው።

የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይ ሥዕል

ይህ ትምህርት በዜማ ብቻ ሳይሆን በቀለምም ተጽፏል። በጎንደር ከተማ የሚገኘውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የረገጠ ሰው ከጣሪያው ላይ ዓይኑን መንቀል ይሳነዋል። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ጣሪያውን ሞልተውታል፤ ቀረብ ብሎ ላስተዋለም የአንዱ ገጽታ ከሌላው ጥቂት ይለያል። ሁሉም ግን ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ገልጠው ከበታቻቸው የቆመውን ይመለከታሉ። ወደ መቅደሱ በሚያስገባው በር በላይ በምሥራቁ ግድግዳ ቅድስት ሥላሴ በክብር ተሥለዋል፤ ከዚያው ዝቅ ብሎ ስቅለቱ አለ። በዚህም ግድግዳ ክብርና ሕማም አልተለያዩም።

ደብሩን የመሠረቱት ዓፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን በወረረ ጊዜ አብዛኞቹ የከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ይህ ደብር ተርፏል። የአካባቢው ምእመናን እንደሚተርኩት ጠላትን የመለሰው ከዐጸዱ የተነሣ የንብ መንጋ ነው። ቅጥሩ ላይ ያሉት 12 ክብ ግንቦች በሐዋርያት ይመሰላሉ፤ በውስጡም ያረጁ ጽዶች ቆመዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚመጣ ሐዘንተኛ ሥዕሉን ከማየቱ በፊት የዛፉ ጥላ ይቀበለዋል።

የአገራችን ሠዓልያን የቆየ ሥርዓት አላቸው። ቅዱሳንን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ እንዲታይ አድርገው ይሥላሉ። ከሐድያንንና አጋንንትን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ያሳዩአቸዋል። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የእመቤታችን በዓላት በሥርዓት እንዲከበሩና ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሲታዘዝ የሥዕሏም ክብር አብሮ ከፍ ብሏል። ፍሬ ጽዮን የተባለው የዚያ ዘመን ሠዓሊ ሥራ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ግድም ከሮም የመጣውን የማርያም ሥዕል ቅጅ የተመለከቱት ሠዓልያኖቻችንም የምስለ ፍቁር ወልዳን አሣሣል በራሳቸው ቀለምና ገጽታ አበለጸጉት። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠው የዓይኖቹ አገልግሎት ነው። በፊታቸው የቆመው ሰው መታየቱን ያውቃል።

ከአንዲት እናት የተማርነው

መንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ነው ተብለን ተምረን ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አልነበረም። ሙላቱን ያገኘነው ከሃያ ዓመት በፊት ግድም፣ ትምህርታችንን ጨርሰን በአንዲት አነስተኛ ከተማ ደብር በምናገለግልበት ጊዜ፣ ፊደል ካልቈጠሩ አንዲት እናት ነው።

እኚህ እናት ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የድንበር ጦርነት አንድ ልጃቸውን ያጡ ናቸው። መርዶ ደረሳቸው እንጂ አስከሬኑን አላዩም፤ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብርም አልነበራቸውም። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን ወደ ኋላ ይቀሩና የመቅደሱን ግድግዳ መጋረጃ እንድንገልጥላቸው ይለምኑን ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ በሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳው የተለጠፈ፣ በዕጣንና በጧፍ ጢስ የጠቈረ የስቅለት ሥዕል ነበር። ከመስቀሉ በስተቀኝ እመቤታችን እጅዋን በጉንጭዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። እናትየው በዚያ ፊት ለረጅም ጊዜ ይቆሙና እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እኛ በወጣትነት ድፍረት ተነሣሥተን ስለ ትንሣኤ ሙታን ከመጻሕፍት እየጠቀስን ልናጽናናቸው ሞከርን። ማልቀስ እንዲተዉም መከርን። በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፣ የነገርኸኝን ሁሉ አምናለሁ፤ እግዜር ይስጥህ። እርስዋ ግን አታልቅሺ ብላኝ አታውቅም። ልጇ በፊትዋ ሞቶባት እያየች ቆማለች። ቀና ስል ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ እሑድ ድረስ እችለዋለሁ።»

መልስ አልነበረንም። የመግደላዊት ማርያምን ነገር ደጋግመን አንብበን ነበር፤ ያስተዋልነው ግን ያን ቀን ነው። ለሐዘንተኛ ቶሎ ብሎ ዝም በል ማለት ማጽናናት አይደለም። ሥዕሉ እኛ ያልቻልነውን ያደረገው ሐዘናቸውን ሳይቸኩል አብሮአቸው ስለቆመ ነው። መቃብር ለሌለው ልጅ ማልቀሻ ስፍራ ሰጥቶአቸዋል።

የነጣው ግድግዳ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደብሩ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ የግድግዳውም ልስን በየቦታው ተነሣ። ሰበካ ጉባኤው እድሳት እንዲደረግ ወሰነ። የቀለሙንና የአዳዲስ የወረቀት ሥዕሎችን ወጪ የሚሸፍን በጎ አድራጊም ተገኘ። አሮጌው ሸማ ጠቁሯል፣ ጠርዙም ተቀዷልና ተነሥቶ ግድግዳው ነጭ ቀለም ይቀባ ተባለ። በደቡብ በኩል የነበሩት ጽዶችም ተቈርጠው ለደብሩ ገቢ የሚሆኑ የኪራይ ሱቆች እንዲሠሩ ሐሳብ ቀረበ። በዚያ ጉባኤ ላይ እኛም ነበርን። እጃችንን አውጥተን ደገፍን። ደብሩ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ለአገልጋዮች የሚከፈለው አነስተኛ ደመወዝ እንኳ ይዘገይ ነበር። ክፋት አላሰብንም፤ ግን አልጠየቅንም፤ ሥዕሉን የሚያየው ማን እንደሆነ እያወቅን አልተናገርንም።

እድሳቱ ባለቀበት እሑድ እናትየው እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። አዲሱን መጋረጃ ገለጥንላቸው። ግድግዳው ነጥቶ ያበራ ነበር፤ በመካከሉም ደማቅ የወረቀት ሥዕል በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ጥቂት ቆሙ፤ የመስኮቱ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ስላረፈ ወዲህና ወዲያ ጎንበስ እያሉ ሞከሩ። በመጨረሻም ወደ እኛ ዘወር ብለው «ልጄ፣ የት ወሰዳችኋት?» አሉን።

አሮጌው ሸማ ከፍርስራሹ ጋር ተጠራርጎ ወጥቶ ስለነበር ፈልገን ልናገኘው አልቻልንም። አዲሱ ሥዕል በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ሌላ ሰው በፊቱ ይጸናናበት ይሆናል። ነገር ግን የእርሳቸውን የዓመታት እንባ የሚያውቀው ያ ሥዕል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየው ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ሳይቈረጥ በቀረው ወይራ ሥር ይቀመጡ ጀመር። እኛም አንዳንድ ጊዜ ከአጠገባቸው እንቀመጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጥቅስ አልጠቀስንም።

የዐጸዱ ምሕረት

ወይራው ያደረገላቸውን ስንመለከት ስለ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የነበረን አስተሳሰብ ተለወጠ። በጎጃምና በጎንደር በኩል የተጓዘ ሰው እንደሚያውቀው በታረሰውና በተራቈተው ሜዳ መካከል አልፎ አልፎ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ይታያል፤ ቀረብ ሲሉ ጉልላት ብቅ ይላል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ኮሶውና ብሳናው ከአካባቢው ጠፍቶ በዚያ ተርፏል። በዚህ ጉዳይ ሰፊ ጥናት ያካሄዱት፣ በድርሰቶቻቸውም አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ምርምር 168 የእንጨት ዕፀዋት ዓይነቶች መዝግበዋል። ደኖቹን ከሚጐዷቸው ምክንያቶች ዋነኛው ከብት ገብቶ ችግኙን መብላቱና መርገጡ ስለሆነ፣ በዙሪያው የድንጋይ ካብ ማበጀት ቀላልና ፍቱን መከላከያ ሆኖ ተገኝቷል። ካብ ባለበት ዐጸድ ከወደቀው ዘር ችግኝ ይበቅላል፤ አሮጌው ዛፍም ተተኪ ያገኛል።

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ዘጌም ሌላ ምስክር ናት። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባ በማዘዛቸው፣ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲተዳደር በመደረጉ ጫካው ለዘመናት ቆይቷል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ መንገደኛ በቡናው ጥላ ውስጥ አልፎ በሥዕል ወደ ተሞላው መቅደስ ይደርሳል። ዛፉ ሰውን ከፀሐይና ከጫጫታ ለይቶ ያዘጋጀዋል፤ ሥዕሉ ይቀበለዋል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቅጥር ያኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እንግዲህ ነገራችንን ስናጠቃልል የምናሳስበው ይህን ነው። አሮጌ ሥዕል ሲጠቁር ወይም ሲቀደድ መጣያው ጊዜ ደረሰ ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የመጠገን ሥራ በባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲከናወን ደንግጓል። ሰበካ ጉባኤያት ቀለም ከመግዛታቸው በፊት የአህጉረ ስብከታቸውን የቅርስ ክፍልና የሙያው ባለቤቶችን ቢያማክሩ፣ ጣሪያውንም ውኃ ወደ ግድግዳው ከመድረሱ አስቀድመው ቢጠግኑ ብዙ ጥፋት ይድናል። በጎ አድራጊዎችም ከአዲስ ሥዕል ይልቅ ለአሮጌው መጠበቂያ፣ ከአዲስ አጥር ብረት ይልቅ ለድንጋይ ካብና ለአገር በቀል ችግኝ ቢለግሱ ስጦታቸው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ገቢ የሚያስፈልገው ደብር ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ዛፍ ለመቍረጥ እጅ ከማውጣታችን በፊት ከዚያ ዛፍ ሥር ማን እንደሚቀመጥ ወጥተን እንይ።

በየቤታችንም የምንሠራው አለ። በዚህ በዓል ደመራ ለኵሰን፣ ጠላና ዳቦ ቀምሰን ስንደሰት ከጎረቤት ያለውን ያዘነ ቤት አንርሳ። የአደይ እቅፍ ይዘን እንግባ፤ ብዙ አንናገር፤ አብረን እንቀመጥ። መውጣት ያቃተውን ሐዘንተኛ ቀስ ብለን ወደ ደብሩ እንውሰደው፤ መጋረጃው እንዲገለጥለት ካህኑን እንለምንለት፤ በዐጸዱ ጥላ ሥር ያርፍ ዘንድ ጊዜ እንስጠው።

እኚያ እናት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የተቀበሩት በዚያው በወይራው አቅራቢያ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በተረፈችው ቁራጭ መሬት ላይ ከደብሩ ወጣቶች ጋር የጽድ ችግኞች ተክለናል፤ ከመካከላቸው የጸደቁት ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ያን ሥዕል ግን መመለስ አልቻልንም። በመስከረም ወር ወደዚያ ስንሄድ በመቃብራቸው ዙሪያ አደይ ፈክቶ እናገኘዋለን።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንላችሁ።